ንጽሕናችን ለባልንጀራችንም ነው
(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ግል ንጽሕና ነው። አንዳንዶቻችሁ «ንጽሕናን ከአባቶቻችን ተምረን የመጣን አይደለንም ወይ?» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ወላጆቻችን መንደራቸውን በወንዝ አጠገብ ይመሠርቱ የነበረው በከንቱ አልነበረም። ዓርብ ገላን ታጥቦ፣ የታጠበ ልብስ ለብሶ ሰንበትን መቀበል የቤተ እስራኤል ወግ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ንጽሕናን ያለማወቅ አይደለም፤ የተለወጠው ኑሮው ነው።

በገጠር ሥራው ሜዳ ላይ፣ ቤቱም ነፋስ የሚገባበት ነበር። በጎንደርና በአዲስ አበባ ተራ ስትጠብቁም ውኃው በጀሪካን ተቀድቶ፣ ተቆጥቦ ነበር የሚታጠቡበት። እዚህ ግን በመርካዝ ክሊታው ጠባብ ቤት፣ በኡልፓን ክፍል፣ መስኮቱ በተዘጋ አውቶቡስ ትከሻ ለትከሻ እንቀመጣለን። የአንዱ ገላ ለሌላው ቅርብ ሆኗል።

ላብ ብቻውን ብዙ ሽታ የለውም። ጠረኑን የሚያመጡት በቆዳችን ላይ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ላቡን ሲያፈርሱት ነው። ትልቁ ችግር ግን አፍንጫችን ከሽታ ጋር ቶሎ መላመዱ ነው። ሰው የገዛ ጠረኑን አይሰማም፤ የሚሰማው አጠገቡ የተቀመጠው ነው። እርሱም ይሉኝታ ይዞት ወንበር ይቀይራል እንጂ ምክንያቱን አይነግረንም።

ስለሆነም አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላል። በየቀኑ፣ ይልቁንም ከሥራ በኋላ፣ ብብትንና እግርን በሳሙና ታጠቡ። ዲኦዶራንት ከታጠቡ በኋላ የሚቀቡት እንጂ የመታጠብ ምትክ አይደለም፤ በላብ ላይ የተጨመረ ሽቶም ነገሩን ያብሰዋል። ታጥቦ የትናንቱን ሸሚዝ መልበስ ድካምን ከንቱ ያደርጋል፤ በተለይ ፖሊስተር ከጥጥ ይልቅ ጠረን ይይዛል። ልጆቻችሁ ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ሲቃረቡ የላባቸው ጠረን እንደሚለወጥ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በክረምት ፀሐይ በማይኖርበት ቀን የዱዱን ኤሌክትሪክ አብሩት፤ ውኃው ሲሞቅ አጥፉት። ሕፃን ከማስገባታችሁ በፊት ሙቀቱን በክንዳችሁ ለኩ።

የወጣችንና የቅቤያችን ሽታ ነውር አይደለም። ሆኖም በልብስ ላይ ሲሰነብት ለማያውቀው ሰው ይከብዳል። ሽንኩርት ስታቁላሉ የመኝታ ቤቱን በር ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ የልጆችን የትምህርት ቤት ልብስ ከወጥ ቤት አርቃችሁ ስቀሉ። ጸጉሯን ቅቤ የተቀባችም ሳይሰነብት ትታጠበው።

ወደ እጅ እንምጣ። ከምግብ በፊት እጅ ማስታጠብ የቆየ ባህላችን ነው። የምናጎርስ ሕዝብ ነንና እጃችን ወደ ሌላው ሰው አፍ ይደርሳል። ነገር ግን ውኃ ብቻ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1847 ዓ.ም. በቪየና ከተማ ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም፣ ሬሳ የመረመረ ሐኪም ሁሉ እጁን የክሎሪን ኖራ በተቀላቀለበት ውኃ ሳይታጠብ ወላድ እንዳይነካ አዘዘ። በሚያዝያ ወር ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ ይሞቱበት በነበረው ክፍል፣ በሰኔ የሟቾቹ ቁጥር ከ100 ወደ 2 ያህል ወረደ። ሐኪሞቹ ራሳቸው ሕመምተኞች አልነበሩም፤ በሽታውን ግን በእጃቸው ይዘው ይዞሩ ነበር። እኛም ከመጸዳጃ ቤት ስንወጣ፣ ሕፃን ካጸዳን በኋላና ምግብ ከመሥራታችን በፊት እጃችንን በሳሙና ለ20 ሰከንድ እንሽ። ፎጣም ለየሰው ይሁን። የሁሉንም ልጅ ዓይን በአንድ ነጠላ ጫፍ መጥረግ በአገራችን የብዙ ሰው ዓይን ያጠፋውን ትራኮማን ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፋል።

ስለ ቅማል ከጋን ደብዳቤ ቢመጣ አትደንግጡ። የራስ ቅማል በታጠበ ጸጉርም ይገባል፤ ራስ ከራስ ሲነካካ ይተላለፋልና የድሃ ወይም የእኛ ብቻ አይደለም። የቤተሰቡን ራስ ሁሉ ተመልከቱ፤ ጥርሱ በደቀቀ ማበጠሪያ አበጥሩ፤ መድኃኒት ከፋርማሲ ጠይቁ። ቅጫሙ ከሳምንት በኋላ ሊፈለፈል ስለሚችል በመመሪያው መሠረት ድገሙት። ነጭ ጋዝ ወይም የዝንብ መርዝ በልጅ ራስ ላይ ፈጽሞ እንዳታደርጉ። ለጋኗም ንገሯት፤ ብትደብቁ ከሌላው ልጅ ተመልሶ ወደ ቤታችሁ ይመጣል።

በመጨረሻ፣ እንዴት እንነጋገር? «ነገ ትምህርት ቤት አልሄድም» የሚል ልጅ ቢኖራችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እንደተባለ ጠይቁት። ምናልባት አጠገቡ መቀመጥ ያልፈለገ ልጅ ይኖራል። «እማዬ፣ ይህ ልብስ ይታጠብ» ቢላችሁም እንደ ንቀት አትቁጠሩበት። እናንተም ልጆች፣ አባትና እናትን በሰው ፊት አታሳፍሩ፤ በጓዳ፣ በለሆሳስ ንገሯቸው። ወዳጅም ለወዳጁ ብቻውን ሲሆን ይንገረው እንጂ በሌላ ሰው አይላክበት፣ መቀለጃም አያድርገው። በእውነት የሚወደን የሚነግረን ነው።

ታጥበን፣ ለብሰንም የሚሰድበን ሰው አይጠፋም። ያ ሰው የሚጠላው ጠረናችንን ሳይሆን መልካችንን ነውና ነውሩ የእርሱ ነው። ልጃችሁ በመልኩ ቢሰደብ ዝም አትበሉ፤ ወደ መምህሩና ወደ ርእሰ መምህሩ ሂዱ። በሳሙና የሚጠራውንና በሳሙና የማይጠራውን ለይታችሁ ለልጆቻችሁ አስረዷቸው። ያን የለየ ልጅ ራሱን አይጠላም።

ጤናና ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።