ከክቡ በር በስተጀርባ
(በባቻችን የመገናኛ በዓል እራት ላይ የተደረገ ንግግር)

አዘጋጆቹ «አጠር፣ ቀለል ያለ ነገር ተናገሪ» ስላሉኝ የማወራው ስለ ሽርሽር ነው። ኬዝ አላነሳም፣ ቃሌ ነው።

ለስብሰባ ኒው ዚላንድ ሄጄ ሳለሁ፣ እዚያ ከሚኖሩ ሁለት የባቻችን ልጆች ጋር አንድ ቅዳሜ ሆቢተንን ልናይ ወጣን። «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ እግራቸው ፀጉራም የሆነ ትንንሽ ፍጡሮች ኮረብታ ውስጥ ቤት ሠርተው የሚኖሩበት መንደር ነው። ከኦክላንድ ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ያህል ያስነዳል፤ ማታማታ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው።

ቦታው የአንድ ቤተሰብ የበግ እርባታ ነው። ዳይሬክተሩ ፒተር ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ከአየር ላይ ቦታ ሲፈልግ አገኘው። የመብራት ምሰሶ የለ፣ ሌላ ሕንፃ የለ፤ ኮረብታ፣ ኩሬና አንድ ትልቅ ዛፍ ብቻ። መንገዱን ለመሥራት የአገሪቱ ጦር ሠራዊት ሳይቀር አገዘ።

የመጀመሪያው መንደር ቀረጻው ሲያልቅ እንዲፈርስ ታስቦ ከኮምፔንሳቶና ከፎም የተሠራ ነበር። ማፍረስ ሲጀምሩ የአየሩ ጠባይ አላሠራ አላቸውና ሥራው ተቋረጠ። ሰው ደግሞ የቀሩትን ነጫጭ ባዶ ግድግዳዎች ለማየት መጉረፍ ጀመረ! በ2002 ጉብኝት ተከፈተ፤ ኋላም ለ«ዘ ሆቢት» ፊልም ከ2009 እስከ 2011 በጽኑ ዕቃ እንደገና ተሠራ። አሁን 44 ቤቶች አሉ።

በሮቹ መጠናቸው አንድ አይደለም። ጠንቋዩ ጋንዳልፍ ግዙፍ እንዲመስል የሚቆምበት በር ትንሽ ነው፤ ሆቢቶቹ ትንሽ እንዲመስሉ የሚቆሙበት ደግሞ ትልቅ። ከዋናው ቤት በላይ ያለው የኦክ ዛፍ ሰው ሠራሽ ነው፤ ከ200 ሺህ በላይ ቅጠል በእጅ ተሰክቶለታል። የጓሮው አትክልት ግን እውነተኛ ነው።

ቃሌን ላፍርስና አንዲት ኬዝ ብቻ። ደራሲው ቶልኪን በ1916 ከሶም ጦር ግንባር ወደ እንግሊዝ የተመለሰው በትሬንች ፊቨር ታሞ ነው። ቅማል ናት የምታስተላልፈው። እኛ ዋርድ ውስጥ ግርሻን ያወቅንባት ያችው የልብስ ቅማል! ይህን ስነግራቸው ጓደኞቼ «እዚህም ራውንድ?» ብለው ሳቁብኝ።

አብዛኞቹን በሮች ብትከፍቱ ውስጣቸው ምንም የለም። የቤት ውስጡ ትዕይንት የተቀረጸው ዌሊንግተን ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ግን ሁለት ቤቶች እስከ ውስጥ ተሠርተው ተከፍተዋል፤ ወጥ ቤት፣ መኝታ ቤት፣ ጓዳው ሳይቀር። እንደ ልባችን ነካካን፣ ተቀመጥን።

ጉብኝቱ የሚያልቀው መጠጥ ቤቱ ውስጥ ነው። የዝንጅብል ቢራችንን ይዘን እሳት ዳር ተቀመጥን። አንደኛው ጓደኛችን ዝም ብሎ ቆየና «ሪዩኒየን ስትሉ ለምን እንደምቀር ልንገራችሁ?» አለ። የአገሩን የሐኪሞች ፈተና ካለፈ ዓመታት ሆኖታል። በክትትል የሚሠራበት የሥራ ቦታ ግን አላገኘም። አሁን በአረጋውያን መጦሪያ ተንከባካቢ ነው። «ሁላችሁም ስታገኙኝ መጀመሪያ የምትጠይቁኝ ‹ምን ስፔሻላይዝ አደረግህ?› ነው። ምን ልበላችሁ?»

ስለ ሥራው ጠየቅነው። ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ሽማግሌዎቹን ያገላብጣል፤ ጀርባቸውን ሳያይ አያልፍም። እሱ በሚሠራበት ክፍል የአልጋ ቁስል የለም። ይህን ሲነግረን ድምፁ ተለወጠ፤ ኢንተርን ሳለን ሁላችንን ዱቲ የሸፈነልን ያ ልጅ ተመልሶ መጣ።

እንድናገር ፈቅዶልኛል። ማን እንደሆነ ብትገምቱም ግድ የለውም፤ «ብቻ እንዳያዝኑልኝ» ብሏል።

እኛ አበሾች እንግዳ የምንቀበለው ሳሎን ነው፤ ጓዳችንን አናሳይም። ገበና መሸፈን ጥሩ ባህል ነው። ግን ስድስት ሰባት ዓመት አንድ ዶርም፣ አንድ ዋርድ ለኖርን ሰዎች ሳሎን ብቻ ይበቃናል? የባቻችን የቴሌግራም ግሩፕ በምርቃትና በሹመት ፎቶ የተሞላ ነው። ፈተና የወደቀው፣ ፈቃድ የተከለከለው፣ ትዳሩ የፈረሰበት፣ አገር ቤት በደመወዙ ቤት ኪራይ ያቃተው የታለ?

ስለዚህ ማኅበራችንን ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ በየአገሩ ፈተና ለሚዘጋጁ ልጆቻችን፣ ያለፉት የሚያስጠኑበትና የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉበት መዝገብ ይከፈት። እኔ ለማስጠናት ስሜን አስመዘግባለሁ። ሁለተኛው ገንዘብ አይጠይቅም። ዛሬ ማታ ጎናችሁ የተቀመጠውን ስለ ሙያው ከመጠየቃችሁ በፊት «እንዴት ነህ? እንዴት ነሽ?» በሉ፤ መልሱንም ቆይታችሁ ስሙ።

እራቱ እንዳይቀዘቅዝ።