በቁልቢ ጉዞ ንጽሕናችንን እንጠብቅ

(የዕድራችን ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ያደረጉት ንግግር)



ለታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ጉዞ የምንይዘውን ዕቃ ዝርዝር እንዳነብላችሁ ታዝዣለሁ። ከማንበቤ በፊት ግን ጥፋቴን ልናገር። ያለፈውን ዓመት ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ድንኳን፣ ሰሌን፣ ብረት ድስት፣ በሶና ቆሎ ብዬ ስጽፍ አካፋና ሳሙና ረሳሁ። እዚያ ስንደርስ ሁሉም ወደየቁጥቋጦው ሄደ። እናቶች በቀን መውጣቱን አፍረው ውሃ ሳይጠጡ ዋሉ። በሁለተኛው ቀን የአንድ አባላችንን ልጅ ተቅማጥና ትውከት ያዘው፤ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ግሉኮስ ተሰካለት። እግዚአብሔር አተረፈው፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይነ ምድር ሜዳ ላይ ሲቀር ዝንብ ያርፍበታል፤ ያው ዝንብ መጥቶ እንጀራችን ላይ ያርፋል። በእጅም፣ በውሃም ወደ አፍ ይገባል። ኮሌራም የሚዛመተው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ፦

1ኛ/ ድንኳን ከመተከሉ በፊት ጉድጓድ ይቆፈር። ከውሃና ከማብሰያው ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ስፋቱ አንድ ስንዝር ተኩል፣ ጥልቀቱ እስከ ጉልበት ይሁን። በሸራ ይጋረድ፤ የሴቶቹ ለብቻው ይሁን። የተጠቀመ ሁሉ አፈር ይመልስበት፤ ስንነሣም ይደፈን።

2ኛ/ እዚያው አጠገብ ውሃና ሳሙና ይቀመጥ። ሳሙና ካለቀ አመድም ይሆናል። እጁን ያልታጠበ ሰው እንጀራ አያቅርብ።

3ኛ/ የሚጠጣ ውሃ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይፍላ፤ ክዳን ባለው ጀሪካን ይቀመጥ።

4ኛ/ ፌስታልና ፕላስቲክ በማዳበሪያ ተሰብስቦ በመኪናችን ይመለስ። ሜዳው ገበሬው ከብቱን የሚያሰማራበት ነው፤ ፌስታል የዋጠች ላም ልትሞት ትችላለች።

5ኛ/ ተቅማጥ የያዘው ሰው ቢኖር፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ እየደጋገማችሁ አጠጡት፤ ሳትዘገዩም ጤና ጣቢያ አድርሱት።

ማን ይቆፍራል ለምትሉ፣ የመጀመሪያውን አካፋ የምይዘው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ወንዶቹ በተራ ነው። ኧረ እባካችሁ፣ ስለት ልናደርስ ሄደን በሽታ ይዘን አንመለስ!

በሉ እንግዲህ ዝርዝሩን ላንብብ። አንደኛ፣ አካፋ፤ ሁለተኛ፣ ሳሙና...