ዕዳን ስለ መግለጥ፦ የግል ኪሳራ ሕግና የጠበቃ አመራረጥ በአሜሪካ



በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ ዕዳውን መክፈል የተሳነው ሰው ከባለገንዘቡ ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ ነበር። ዋስ እስኪገኝ ወይም ገንዘቡ እስኪከፈል ድረስ ሁለቱ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ፤ ውርደቱም በአደባባይ ነበር። ሰንሰለቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ቢያልፍም «ቁራኛ» የሚለው ቃል በቋንቋው፣ ዕዳን ከሰው ዓይን የመሸሸግ ልማድም በኑሮው ውስጥ ቀርቷል። በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በዕዳ ሲጠመድ ከዕዳው ይበልጥ የሚጎዳው አንዳንድ ጊዜ ይኸው ልማድ ነው። የዚያ አገር የኪሳራ ሕግ ዕዳ የሚሰርዘው ያለውን ንብረትና ያለበትን ዕዳ ሁሉ በመሐላ ለገለጠ ሰው ነውና።

ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1978 ወጥቶ በ2005 በብርቱ ተሻሽሏል። ለደመወዝተኛ የሚከፈቱት በሮች በተለምዶ ሁለት ናቸው። በምዕራፍ 7 መሠረት፣ ሕግ ለባለዕዳው ከሚተውለት በላይ የሆነው ንብረት በባለአደራ ተሸጦ ለባለገንዘቦች ይከፋፈላል፤ የቀረው ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ወር ገደማ ይሰረዛል። በምዕራፍ 13 ደግሞ ባለዕዳው ንብረቱን እንደያዘ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ዕቅድ ከገቢው ይከፍላል። የቤቱ ወርኃዊ ክፍያ ለተጠራቀመበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚሻለው ይህ ነው። ማመልከቻው እንደቀረበ የባለገንዘቦች ጥሪ፣ ክሱና የደመወዝ እገዳው ባብዛኛው ይቆማል። የልጅ ቀለብና የቅርብ ዓመታት የገቢ ግብር ግን አይሰረዙም፤ የትምህርት ብድርም የሚሰረዘው ከባድ ችግር መኖሩ በፍርድ ቤት ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

እስከዚህ ያለውን ማንኛውም ጠበቃ በግማሽ ሰዓት ያስረዳል። አስቸጋሪው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ከሥራው የተቀነሰ አንድ መሐንዲስ ይታሰብ። የባንክ ካርድና የሕክምና ዕዳ አለበት፤ እቁብ ወጥቶለት ገና ስምንት ወር መክፈል ይቀረዋል፤ ከአጎቱ ልጅ 6,000 ዶላር ተበድሯል፤ አዲስ አበባም ኮንዶሚኒየም አለው። ይሉኝታ ይዞት መጀመሪያ የዘመዱን ይከፍላል፣ ቤቱን በእኅቱ ስም ያዛውራል፣ እቁቡን «ይህ የባህል ነገር ነው» ብሎ ሳይጽፍ ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በአገር ቤት ዓይን ይህ ሰው ጨዋ ነው። በሕጉ ዓይን ግን ከማመልከቻው በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ለቅርብ ዘመድ የተከፈለውን ገንዘብ ባለአደራው ከዘመዱ ላይ ሊያስመልሰው ይችላል። በሁለት ዓመት ውስጥ ያለ ተገቢ ዋጋ ወይም ባለገንዘብን ለመሸሽ የተላለፈ ንብረትም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ያለው ቤት ባሕር ማዶ በመሆኑ ከዝርዝሩ አይወጣም፤ ንብረት የትም ይኑር የት ይመዘገባል። እቁብም ቢሆን ለወጣለት ሰው ዕዳ፣ ገና ላልወጣለት ደግሞ ሀብት ነው። ሆን ብሎ መደበቅ ስረዛውን ከማስከልከሉም በላይ እስከ አምስት ዓመት እስራት ያስቀጣል።

ለዘመድ የተገባ ቃልስ ምን ይሁን? ሕጉ ለዚህ በር አልዘጋም። ዕዳው ከተሰረዘ በኋላ ባለዕዳው በገዛ ፈቃዱ ለአጎቱ ልጅ ቢከፍል የሚከለክለው የለም። የዋስ ነገር ግን ሊታሰብበት ይገባል፤ በምዕራፍ 7 የተበዳሪው ዕዳ ሲሰረዝ አብሮ የፈረመው ወዳጅ ከዕዳው ነጻ አይወጣም።

ስለዚህ ጠበቃ ሲመረጥ ዋናው መመዘኛ የጥያቄው ብዛት ነው። ስለ እቁብ፣ ስለ ሐዋላ፣ ባገር ቤት ስላለ ውርስ ሳይጠይቅ ዋጋ ብቻ የሚናገር ጠበቃ ደንበኛውን ለአደጋ ያጋልጣል። ፈቃዱ የጸና መሆኑና የቅጣት ታሪክ ያለው መሆን አለመሆኑ በየስቴቱ የጠበቆች ፈቃድ ሰጪ አካል መዝገብ ይታያል። ብዙዎቹ ለመጀመሪያው ምክር አያስከፍሉም፤ አቅም ለሌለውም የነጻ ሕግ አገልግሎት ድርጅቶች አሉ። የምዕራፍ 7 ጠበቃ ክፍያውን አስቀድሞ ቢጠይቅ አያስደንቅም፤ ያልተከፈለው ሒሳብ እንደሌላው ዕዳ አብሮ ሊሰረዝበት ይችላልና። ጠበቃ ያልሆነ ቅጽ ሞይ ግን የሕግ ምክር መስጠት አይፈቀድለትም፤ ምንም ያህል የሀገር ልጅ ቢሆን። «ዕዳህን በግማሽ አስቀንሳለሁ» እያሉ በስልክ ደንበኛ የሚያግባቡ ድርጅቶችም ሥራውን ሳይፈጽሙ ክፍያ እንዳይቀበሉ እ.ኤ.አ. በ2010 ተከልክለዋል።

አመልካቹ ማመልከቻ ከማቅረቡ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ ከተፈቀደለት ድርጅት የብድር ምክር መውሰድ አለበት። ዜጋ መሆን አይጠየቅም። የምዕራፍ 7 ማመልከቻ በብድር ታሪክ ላይ እስከ 10 ዓመት ይቆያል፤ ነገር ግን የመንግሥት አካል በኪሳራ ምክንያት ብቻ የመሐንዲስነት ፈቃድ ሊነጥቅ አይችልም፤ አሠሪም በዚሁ ምክንያት ብቻ ሠራተኛውን ማሰናበት አይፈቀድለትም። ባለአደራው በመሐላ በሚጠይቅበት ስብሰባ ላይ ዳኛ አይገኝም፤ እንግሊዝኛ ለሚከብደውም አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ይቀርብለታል።