ጎርፉ ሳይደርስ




የዋጃና የቆቦ ሜዳ ማሽላ የሚበቅለው በሰማዩ ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ገበሬው በአፈርና በቅርንጫፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ይመልሰዋል። ደራሽ ውኃ ጠለፋውን ስለሚያፈርሰው በየዓመቱ ማደስ ግድ ነው፤ የአንድ ሰው ጉልበትም አይበቃውም። በሥራው ያልዋለ ውኃ አይድረሰው ማለት ተገቢ ነው። (እኛ ካህናት ከቁፋሮው እንደምንቀር አልዘነጋሁም።) ነገር ግን ባሏ የሞተባት እናት፣ ጉልበቱ የከዳው አረጋዊ ምን ይሁኑ? የውኃ ተራ ሲደለደል በስብሰባው የሉም፤ ችግራቸውን የሚያውቀው ሰበካው ነው። ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ ስማቸው ለጉባኤው ይቅረብ፤ የቁፋሮ ድርሻቸውንም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይሥሩላቸው። የላይኛው ውኃውን ይዞ የታችኛውን ቢያስጠማ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በዘወልድ ሽማግሎች ይታይ፤ ካህኑም አብሮ ይቀመጥ።