ቤት ከመሥራት አስቀድሞ ስለሚጠየቅ ፈቃድ



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ቤት መሥሪያ ፈቃድ ነው። «የጤና ሰዎችን ከማዘጋጃ ቤት ወረቀት ጋር ምን አገናኛቸው?» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። እስቲ ትንሽ ታገሡን። እኛ ከጤና ኮሌጅ ወጥተን በየሰፈሩ ስንዞር ደጋግመን ያየነው ነገር ቢኖር፣ ፈቃድ የሌለው ቤት አብዛኛውን ጊዜ መጸዳጃም የሌለው መሆኑን ነው።

ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። በከተማ ዳር በአንድ ሌሊት ቆሞ የሚያድረውን ቤት ሰው «ጨረቃ ቤት» ይለዋል። የጨረቃ ቤት ባለቤት «ነገ መጥተው ያፈርሱብኛል» እያለ ሲሰጋ የሚኖር ሰው ነው። ታዲያ ነገ ይፈርሳል በሚባል ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ እንጨት ረብርቦ፣ ክዳን የሚያበጅለት ማን አለ? ስለዚህ ልጆቹ ከአጥር ሥርና ከቦይ ዳር ይጸዳዳሉ። ትራኮማን ከዓይን ወደ ዓይን የምታዞረው ዝንብ የምትራባው በሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ነው። ዝናብ ሲመጣም ያው ቆሻሻ ታጥቦ ወደ ጣና ይወርዳል። በዓይነ ምድሩ ውስጥ የቢልሃርዝያ እንቁላል ካለ፣ ከውኃው ሲደርስ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው ትል በውኃው ውስጥ ከምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ የሚዋኘውን ልጅና ልብስ የምታጥበውን እናት ቆዳ በስቶ ይገባል። እንግዲህ አንድ ወረቀት ማጣት እስከዚህ ድረስ ያደርሳል።

ፈቃዱ ለማን ያስፈልጋል? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ዐሥር ሺህና ከዚያ በላይ ሰው በሚኖርባቸው ከተሞች የሚሠራ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የግንባታ ፈቃድ እንዲያወጣ ያዝዝ ነበር። ፎቅ የሌለውን ትንሽ መኖሪያ ቤትም «ምድብ ሀ» ብሎ ከትልልቆቹ ሕንፃዎች ለይቶት ነበር። ሕግ ይሻሻላልና በምትሠሩበት ዓመት የሚሠራበትን ደንብ ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቁ። በገጠር ቀበሌ ያላችሁ ደግሞ ጥያቄያችሁ ለገጠር መሬት አስተዳደር ነው። ዋናው ችግር ያለው በሁለቱ መካከል ነው። መሸንቲን፣ ዘጌን፣ ዘንዘልማንና ጢስ ዓባይን የመሳሰሉት ቦታዎች ወደ ባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ገብተዋል፤ ትናንት የእርሻ ማሳ የነበረው ዛሬ በከተማ ፕላን ላይ መንገድ ሆኖ ተሥሎ ሊሆን ይችላል። «የአባቴ መሬት ነው፣ ማን ይከለክለኛል» ብሎ በመንገዱ ላይ ምሰሶ ያቆመ ሰው ቤቱም ገንዘቡም ይሄድበታል።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስትሄዱ የይዞታ ማረጋገጫችሁን፣ ማለት የከተማ ከሆነ ካርታውን፣ የገጠር ከሆነ ደብተሩን፣ እንዲሁም መታወቂያችሁን ያዙ። እዚህ ላይ ለእናቶች አንድ ቃል አለን። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተሰጠው የገጠር መሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል፤ ፎቶግራፋቸውም አብሮ ይለጠፋል። ስለዚህ ጉዳዩ የአባወራው ብቻ አይደለም። ደብተሩን ከሣጥን አውጥታችሁ ስማችሁ መኖሩን እዩ፤ ማንበብ ባትችሉ ተማሪው ልጃችሁ ያንብብላችሁ። በየደጃፉ የሚቆመውን ጉዳይ ገዳይ ግን ራቁት። «ነገ ተመለሱ» መባል ያሰለቻል፣ እውነት ነው፤ እኛም በአንድ ጽሕፈት ቤት ለአንድ ፊርማ ስንመላለስ ከርመናል። ቢሆንም ገንዘብ የሚከፈለው በመስኮቱ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ነገር እንምጣ። ለፈቃዱ የቦታው ፕላን ይነሣል። ብዙ ሰው በዚያ ወረቀት ላይ ቤቱን ብቻ አስሥሎ ይመለሳል፤ መጸዳጃው በኋላ በተረፈው ጥግ ይጣላል፤ የተረፈው ጥግም ብዙ ጊዜ ከውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ይሆናል። ይህ እንዳይሆን መጸዳጃው፣ የውኃ ጉድጓዱ፣ ማድ ቤቱና የከብቱ በረት ከመጀመሪያው በወረቀቱ ላይ ይግቡ። መጸዳጃው ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ሜትር ባይኖራችሁ አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር ያህል ነውና በገመድ ስድሳ ክንድ ለኩ። ደግሞም መጸዳጃው ከውኃው በታች፣ በቁልቁለቱ በኩል ይሁን። ማድ ቤቱ ጢሱ ወደ መኝታ እንዳይገባ ለብቻው ይሠራ፤ መስኮትም ይኑረው። በረቱም ለብቻው ነው።

ለጣና ዳር ሰዎች ሌላም ነገር አለ። በአንዳንድ ቦታ ጥቂት ሲቆፈር ውኃ ይፈልቃል። በበጋ ደረቅ ሆኖ ያያችሁት ጉድጓድ በክረምት ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ መጸዳጃ መሆኑ ቀርቶ የጎረቤትን ውኃ መመረዣ ይሆናል። ስለዚህ በነሐሴ ወር ትንሽ የሙከራ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውኃው የት እንደሚደርስ እዩ። የመጸዳጃው ወለል ከዚያ ውኃ ቢያንስ ሦስት ክንድ ከፍ ማለት አለበት። ይህ ካልተቻለ ወደ ታች መጥለቁን ትታችሁ አፉን በድንጋይና በአፈር ከፍ አድርጋችሁ ገንቡት። ደረጃ መውጣት ለሽማግሌ ቢያስቸግርም ይሻላል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራን ያጥለቀለቁበትን ጊዜ የምታስታውሱ አላችሁ። ጎርፍ ወደ ቤት ሲገባ በመጸዳጃው ውስጥ ያለውን ሁሉ ይዞ ነው የሚገባው። የጎርፉን ልክ የሚያውቁት የሰፈር አዛውንቶች ናቸውና ቦታው ሳይመረጥ በፊት እነርሱን ጠይቁ።

ቀያሹ ችካል ሊተክል በመጣ ቀን እናቲቱ ከቦታው አትቅር። አባወራው ስለ በሩና ስለ መንገዱ ይነጋገር ይሆናል፤ ውኃ የምትቀዳው፣ ሕፃን የምታጥበው፣ እሳት የምታነደው ግን እርሷ ናት። «መጸዳጃዬ የት ነው? ችካሉን አሳየኝ» ብላ ትጠይቅ። ፈቃዱም በእጅ ከገባ በኋላ መጀመሪያ የሚቆፈረው የመጸዳጃው ጉድጓድ ይሁን። ጭቃ ረጋጩም አናጢውም ከዚያ ቀን አንሥተው ይገለገሉበታል። በአጠገቡ አንድ ጀሪካን ውኃና ሳሙና አስቀምጡላቸው፤ ሳሙና ቢጠፋ ንጹሕ አመድ ይበቃል።