ለትምህርት ወደ ጀርመን አገር ለሚሄድ መሐንዲስ የሚያስፈልግ ዝግጅት



በጀርመን አገር የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነፃ ነው እየተባለ የሚነገረው በከፊል እውነት ነው። ሽቱትጋርትና ካርልስሩኸ የሚገኙበት ክፍለ ግዛት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡ ተማሪዎች በየሴሚስተሩ 1,500 ዩሮ እንዲከፍሉ በ2017 እ.ኤ.አ. ደንግጓል። ለቪዛም ብዙውን ጊዜ የዓመት መተዳደሪያ በዝግ ሒሳብ አስቀድሞ መቀመጥ አለበት፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የተወሰነው መጠን 11,904 ዩሮ ነው። ይህ ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም።

ይሁንና ልፋትን ሁሉ ከንቱ የሚያደርገው አንዳንዴ ገንዘብ ሳይሆን የዘመን አቆጣጠር ነው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የተመረቀ ወጣት ማስረጃውን ዘመኑን ሳያስቀይር ቢያቀርብ፣ መርማሪው በ2015 እ.ኤ.አ. እንደ ተመረቀ ይቆጥረዋል፤ ስምንት ባዶ ዓመታትም ይፈጠራሉ። የስሙም አጻጻፍ በፓስፖርቱና በዲፕሎማው አንድ መሆን ይገባዋል። ይህን የሚያርመው ሬጅስትራር የሚገኘው እዚሁ አገር ነውና፣ እርማቱ ከጉዞው በፊት ማለቅ ይኖርበታል።