አንድ ስም፣ ብዙ ደዌ፦ የገረጣ ቆዳን ስለ መመርመር



በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 13፣ «ለምጽ» ካህኑ መርምሮ ከሰፈር ለሚያስወጣው ደዌ የተሰጠ ስም ነው። ዛሬ በዚያው ቃል የምንጠራው ቪቲሊጎን፣ ማለትም ከሰው ወደ ሰው ፈጽሞ የማይተላለፈውን የቀለም መጥፋት ነው። የሥጋ ደዌ ግን ሌላ ነው፤ መንስኤው ባክቴሪያ መሆኑን ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. ደርሶበታል። ስሙ በመደባለቁ ለምጽ ያለበት ሰው ያለ ምክንያት ይሸሻል፤ የሥጋ ደዌ የያዘው ደግሞ «ቋቁቻ ነው» ተብሎ ቅባት ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የኋለኛው ነው፤ ነርቭ አይጠብቅምና።

ለምጽ ሜላኒን የሚያመርቱት ሕዋሳት የጠፉበት ስለሆነ እንደ ኖራ ይነጣል፤ ስሜቱ ግን ሙሉ ነው። ቋቁቻ ማላሴዚያ ከተባለ፣ በጤነኛ ቆዳም ላይ ከሚኖር ፈንገስ ይመጣል፤ በጥፍር ሲፋቅ ስስ ቅርፊት ይነሣል። የሥጋ ደዌ ምልክት ይገረጣል እንጂ ኖራ አይመስልም፤ ብዙ ጊዜም ይደነዝዛል። ጥጥ አሹሉ፤ አሠራሩን መጀመሪያ በጤነኛው ቆዳ ላይ አሳዩ፤ ከዚያ ታማሚውን ዐይን አስጨፍናችሁ «የነካሁዎትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩኝ» በሉ። ፊት ላይ ያለ ምልክት ስሜቱን ሊይዝ ስለሚችል፣ ከክርን ጀርባ የሚያልፈውን ነርቭ መዳሰስንም አትተዉ። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ጥጥና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ስለ ማድያት ብዙ አልልም፤ ነገር ግን ለማቅላት የሚሸጡት ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባቶች ቆዳን ከማሳሳታቸውም በላይ የሌላውን ደዌ መልክ ይሸፍናሉ። ታማሚው ምን ሲቀባ እንደ ቆየ ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የሥጋ ደዌ በ6 ወይም በ12 ወር የተቀናጀ መድኃኒት ይድናል፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱ ክሎፋዚሚን ግን ቆዳን ያጠቁራል። በገረጣ ምልክት ምክንያት የመጣ ሰው ፊቱ ሲጠቁርበት ደዌው የባሰበት ይመስለዋል፤ ክኒኑንም ሊያቋርጥ ይችላል። ጥቁረቱ ሕክምናው ካበቃ በኋላ ቀስ በቀስ እንደሚለቅ ገና የመጀመሪያውን እሽግ ስትሰጡት ንገሩት።